የተዘቀዘቀው ጥለት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የነብር ሥዕል ያለበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሸለመኝ። ዕድሜዋን ሙሉ መርፌና ክር ስታስተምር ለኖረች ሴት የፋብሪካ ብርድ ልብስ! ኃላፊው እንደ ካባ ትከሻዬ ላይ ጣል ሲያደርግልኝ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ነብር መሆኑን ያወቅኩት ግን ቤት ገብቼ ጎረቤቴ "ቲቸር፣ ይሄ ነብር ልጆቼን ያስደነግጥብኛል" ስትለኝ ነው። ለእኔ ቢጫ ነገር ብቻ ነበር። ዓይኔ መድከም ከጀመረ ሰንብቷል፤ ይህን የምናውቀው ደግሞ እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን ብዬ አስብ ነበር።

ስሜ ፈንታነሽ ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ለሴቶች የእጅ ሥራ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ይህን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አሁን እንኳ "አክስቴ፣ የሚያሳፍረውን ልዝለለው?" ትለኛለች። ኧረ አትዝለዪ! እሱን ከዘለልሽው የሚቀረው ነብሩ ብቻ ነው።

መርፌ ያስያዙኝ እሜቴ አስካለ ናቸው። ልጃገረድ ሳለሁ ማርቆስ ውስጥ በነበረ የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ ያስተምሩ ነበር። ከዚያ በፊት በትልልቅ ሰዎች ቤት ጥልፍ ጠላፊ ነበሩ፤ ቤቱ ሲፈርስ መርፌያቸውን ይዘው ወጡ። ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ሲቀመጡ በርጩማው የሚያቃስት ሴት ነበሩ። ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የለቀሙትን የጧፍ ቁራጭ በመሐረብ ቋጥረው ይመጣሉ። ክሩን በሰሙ ላይ ሳብ፣ ገልበጥ አድርገው ደግሞ ሳብ ያደርጉታል፤ ከዚያ በሁለት ጣት ጨምቀው እስኪሞቅ ያሹታል። እንዲህ የታሸ ክር አይቋጠርም፣ አይላላም፤ ልብሱ ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ላይ ቢደበደብ እንኳ አይበጠስም። ከክንዳቸው የረዘመ ክር ቆርጠው አያውቁም። አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ መቀስ አያሳርፉበትም፤ "ዛሬ ውኃ ላይ ካልተኮማተረ ነገ ሰው ላይ ይኮማተራል" ይላሉ። ስፌት ሲመረምሩ ዓይናቸውን ይጨፍኑና አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ቀስ አድርገው ያስኬዱታል። ጣታቸው የቆመበት ቦታ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ስህተቱን ካገኙ በኋላ የሚያደርጉትን ነው። ድምፅ አያሰሙም። ያንን ከባድ ገላ ይዘው ከበርጩማቸው ይነሡና፣ በልጃገረዶቹ መካከል አልፈው መጥተው ጆሮሽ ሥር ያጎነብሳሉ። "ልጄ፣ እዚህ ጋ ስተሻል" ይሉሻል። በቃ። ሌላ ሰው አይሰማም፤ አንቺ ግን ትሰሚያለሽ። አያዋርዱሽም፣ አይደብቁብሽምም። እኔ ይህን አልወረስኩም። ጧፉን ወረስኩ፣ የክሩን ልክ ወረስኩ፤ አፌ ግን የአባቴ ነው። "ተርትሪው!" ስል ደጅ የታሰረ በግ ይደነግጣል እያሉ ተማሪዎቼ ያሙኝ ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሮብ ገበያ ነው። የጮቄ ተራራን ብርድ ያልቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል፤ ጠዋት ጠዋት መርፌዋ ራሷ ጣት ትነክሳለች። ጊዜው የደርግ ነው፤ አለቃዬ ጓድ ደምሴ የሚባል፣ ነገር ሁሉ ለኤግዚቢሽን የሚሠራ የሚመስለው ሰው ነበር። ለገበሬ ሚስቶች የጠረጴዛ ልብስ ጥልፍ እንዳስተምር አዘዘኝ፤ መካከሉ ላይ ቀይ ኮከብ። በዚያ አገር ጠረጴዛ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው! እኔም ወጣት ነኝ፣ የታዘዝኩትን አስተማርኩ። አንድ ቀን ልጅ ያዘለች ሴት የጠለፈችውን ኮከብ አነሣችና ጉንጯ ላይ ለጠፍ አድርጋ "እታለም፣ ይሄ ነገር ይሞቃል?" አለችኝ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ልጆቿ ምን ለብሰው እንደሚተኙ አየሁ። ያረጀ ጋቢ፣ በእሱ ላይ የነተበ የሱፍ ባና፣ በእሱ ላይ ደግሞ የልጅ ልብስ እራፊ ደራርባ፣ በፍራሽ መርፌ ከላይ እስከ ታች ጠቅማዋለች። ድሪቶ ነው። ከተማ ውስጥ ድሪቶ ስድብ ነው፤ እዚያ ግን ልጅ የሚያድግበት ነው። እጄን ከሥሩ ባስገባው ወዲያው ሞቀኝ። ከዚያ ወዲህ በወረቀት ላይ ጥልፍ እያልኩ በተግባር ብርድ ልብስ ማሰፋት ጀመርኩ። እነሱ አደራረቡን አሳዩኝ፣ እኔ ጧፉንና የክሩን ልክ አሳየኋቸው። ጓድ ደምሴ እስኪነቃብን ድረስ ክረምቱ አለፈ።

ከዚያ አማኑኤል ወደምትባል ከተማ ተዛወርኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ ሪፖርቱ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እናንዬን ያገኘኋት እዚያ ነው። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ስፌቷ እንደ ፍየል መንገድ የሚጠማዘዝ ልጅ ነበረች። "ተርትሪው!" እላታለሁ፤ ትተረትራለች። ደግማ ትሰፋለች፤ "ተርትሪው!" የከርሞ ጥጃ ያልኳትም ጊዜ አለ። እንባዋ ጨርቁ ላይ ጠብ ሲል እንኳ "ጨርቁን አታርጥቢብኝ" ነበር ያልኳት። ኋላ ግን ካስተማርኳቸው ሁሉ እሷን የሚያህል ሰፊ አልወጣም። "ያ ቁጣዎ ነው ሰው ያደረገኝ፣ ቲቸር" ትለኛለች። እውነቷን ይሁን ይሉኝታ ይዟት፣ አላውቅም።

ቀጥዬ ጉንደ ወይን ተዛውሬ ስደርስ የፋብሪካ ብርድ ልብስ በየሱቁ በር ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ። "በሁለት ቀን ገቢ የምገዛውን ሁለት ወር ልስፋው እንዴ?" የሚሉ ሴቶች በዙ፤ እውነታቸውን ነው። ክፍሌ ውስጥ ከተማሪው ወንበሩ የሚበዛበት ዘመን መጣ። ከጉንደ ወይን ማርቆስ ገባሁ፣ ከማርቆስ ነብሩን ተከናንቤ ቤቴ ገባሁ።

ብዙም ሳልቆይ እናንዬ በሬን አንኳኳች። እሷም ትዳር ይዛ ማርቆስ ከገባች ኖራለች፤ ጸጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። የቀድሞ ተማሪዎቼንና ጎረቤቶቿን አሰባስባ የስፌት ማህበር አቋቁማለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቤቷ ይገናኛሉ። "እርስዎ ከመካከላችን ቢቀመጡ ይበቃናል" አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጡረታ የወጣ ሰው ሲፈለግ ያለው ስሜት የደረሰበት ያውቀዋል።

ያ ቤት ሐሙስ ሲሆን ደስ ይላል። አንዷ ጥቁር ጨርቅ ላይ በሳሙና ቁራጭ ማስመር እንደሚሻል ታሳያለች። ሌላዋ ዝገት የነካት መርፌ ጸጉር ውስጥ ብትመላለስ እንደምትሾል ትናገራለች። ጋቢ በጋቢ ላይ ሲደረብ እንዳይሸሽ ከመካከል ወደ ጠርዝ ነው የሚወሰወሰው፣ ከጠርዝ ወደ መካከል አይሆንም፣ ትላለች ሦስተኛዋ። አዲስ ገቢ ስፌት ጠሞባት ብታፍር "አይዞሽ፣ የእኔን የመጀመሪያ ሥራ ውሻ እንኳ አልተኛበትም" ብለው ያስቋታል። "እጅሽ ይባረክ" ሳትባል የምትወጣ ሴት የለችም። ሐሙሱ በዓል ከዋለ መርፌ አይነሣም፤ ያን ቀን የሚሰፋው ሐሜት ነው።

ከማህበሩ አንዷ ስትወልድ ደግሞ ሥርዓት አለ። እያንዳንዷ ከገዛ ነጠላዋ ቁራጭ ታመጣለች፤ የሠርጓን የምታመጣ አለች፣ የእናቷን የምታመጣ አለች። ቁራጮቹ ይገጣጠሙና ከሥር አሮጌ ጋቢ ተደርቦ ለአራሷና ለልጁ ብርድ ልብስ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ከአንዷ ነጠላ የተቆረጠ ጥለት፣ ያ ባለቀለሙ ጠርዝ፣ በግርጌው በኩል ይዘመዘማል። በግርጌ ነው፣ ልብ በሉ። ጥለት ቦታ አለው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ፊቷ ያመጣች ሴት ሰው ሞቶባታል፤ ይህን እኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል።

እኔ እንግዲህ እዚያ መካከል ተቀምጬ ዓይኔን እደብቅ ነበር። ቤቴ በር ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን፣ ክሩን አርጥቤ፣ ደግሜ አርጥቤ፣ እየተሳደብኩ በብዙ መርፌዎች አሾልክና ደረቴ ላይ ሰክቼ እሄዳለሁ። ሰው ሲያየኝ ዝግጁ ሴት እመስላለሁ። የማይገባኝን ቀለም ሲጠይቁኝ "መነጽሬን ረሳሁ" እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም! ስፌቱን ግን በጣቴ እየለካሁ እሰፋለሁ፤ ስጨርስ "እጅዎ ይባረክ ቲቸር" ይሉኛል። እኔም ጣቴ ዓይኔን ተክቶታል ብዬ አመንኩ።

አንድ ሐሙስ አንዲት አባል ከዓመት በፊት የሰፋንላትን ብርድ ልብስ ልታስጠግን አመጣች። አጠገቤ ስለነበር እኔ የሰፋሁትን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ጣቴ ቆመ። ክሩ ሰም የለውም። ልስልስ ያለ የሱቅ ናይለን ነው፣ ስፌቱም ከእኔው ይልቅ ጠቅጠቅ ያለ ነው። የእኔ እጅ አይደለም። ተሳስቼ ይሆናል አልኩና በሚቀጥለው ሥራ ላይ ሆን ብዬ በየጥጉ የራሴን ቋጠሮ ቋጠርኩ። በሳምንቱ ሥራው እንደገና እጄ ሲገባ ቋጠሮዎቹ የሉም። እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ እነሱ ተቀምጠው ይተረትሩታል፣ ደግመው ይሰፉታል ማለት ነው። ስንት ሐሙስ "እጅዎ ይባረክ" ተብዬ በሰው ስፌት ተመርቄ ቤቴ ገብቻለሁ!

ያን ቀን እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ። ሐፍረት ብቻ ቢሆን ደግሞ መልካም፤ ንዴት ጨመርኩበት። ሰው ቢነግረኝ ምን ነበር? አዘኑልኝ። ቲቸር ፈንታነሽ የሚታዘንላት ሆነች! አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ስነድድ ዋልኩ።

በዚያው ሰሞን ሰብለ ወለደች። ሰብለ ከማህበሩ ትንሿ ናት፤ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ። ቀደም ሲል የመጀመሪያ ልጇ በአራስ ቤት ሞቶባት ስለነበር ይህኛው ወንድ ልጅ ሲመጣ ሁላችንም እልል ያልነው እያለቀስን ነው። ብርድ ልብሱ ተጀመረ። እናንዬ ለጥለቱ የሟች እናቷን ነጠላ አመጣች፤ ቀይና አረንጓዴ ነው አሉ። ሁሉ አልቆ ጥለቱ ብቻ ሲቀር እኔ ብድግ አልኩና "ጥለቱን ቤቴ ወስጄ እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ለአራሷም በእጄ አደርስላታለሁ" አልኩ።

እናንዬ "ኧረ ቲቸር፣ ለምን ይደክማሉ፣ እኛ እዚሁ..." አለች።

"ምነው? አታምኑኝም?"

ሁሉም ወለል ወለሉን ያያሉ። እኔ ሚስጥራቸውን እንዳወቅኩ አልተናገርኩም፤ እነሱም ዓይኔን እንዳወቁ አልተናገሩም። "ይሁን እንግዲህ" አለች እናንዬ፣ ቀስ ብላ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው፤ ብርድ ልብሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ጥለቱን በር ላይ ተቀምጬ በጧፍ በታሸ ክር ዘመዘምኩት። እንዲያ ተጠንቅቄ ሰፍቼ አላውቅም። በአንደኛው ጫፍ ላይ ጣቴ የውስወሳ ክር አገኘ፤ ጥለቱ የሚገባበትን ቦታ እናንዬ ምልክት አድርጋልኛለች አልኩ። ለካ እሷ ራስጌው እንዳይጠፋ ነው የወሰወሰችው። ዓይን ላለው ሰው ራስጌው ከግርጌው ነጣ ብሎ ይታያል፤ ለእኔ ግን ሁለቱም ጫፍ አንድ ጭጋግ ነው። ምልክቱ የምን እንደሆነ አልጠየቅኋት፣ እሷም አልነገረችኝ።

ሴቶቹን ሳልጠብቅ ማለዳ ብቻዬን ሄድኩ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ብዬ ገባሁ። ሰብለ ከአልጋዋ ሆና "ቲቸር! በገንፎ ሰዓት ነው የመጡት፣ አማትዎ ይወዱዎታል" ብላ ቀለደችብኝ። የባሏ እናት እትዬ አንጓች ወንበር ሰጡኝ፤ ጎረቤት ሴቶችም ነበሩ። እኔ ወንበሩን ትቼ፣ ከጥድፊያዬ የተነሣ የትኛው ጫፍ እንደሆነ በጣቴ ሳልዳስስ፣ በገዛ እጄ ብርድ ልብሱን ዘርግቼ እናትና ልጁን አለበስኳቸው፤ ጠርዙንም እስከ አገጫቸው ሳብ አደረግኩላቸው። ከዚያ ምርቃት ጠበቅኩ።

ምርቃት የለም። ማንኪያ እንኳ አይንቀሳቀስም።

"በስመ አብ ወወልድ!" አሉ እትዬ አንጓች። "ምን አድርጊ አልንሽ? ምን በደልንሽ? ትናንት አንዱን ቀብሬ፣ ዛሬ ይሄን ደግሞ በተዘቀዘቀ ጥለት ትሸፍኚብኛለሽ?"

"የምን ጥለት?" አልኩ። አላየሁማ።

"እማ፣ ማዞር ነው እንጂ" አለች ሰብለ። "አዙረን እንለብሰዋለን።"

"አንዴ አንገቱ ከደረሰ በኋላ ምን ያዞሩታል!" አሉ እትዬ አንጓች። ከላያቸው ገፈው፣ አጥፈው፣ እጄ ላይ አኖሩት። "ውሰጂልኝ። በእግዚአብሔር ይሁንብሽ፣ ውሰጂልኝ።"

አራስ ቤት የወሰደችውን ስጦታ ይዛ የተመለሰች ሴት አይቼም ሰምቼም አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓይኔ አያይም፣ ተሳስቼ ነው ማለት እኮ ይቻል ነበር። አፌ ድረስ መጣ። ጎረቤቶቹ መኖራቸው ትዝ ሲለኝ ግን ዋጥኩት። ሟርተኛ ከምባል ዕውር መባል ፈራሁ፤ ይህን ስናገር እስከ ዛሬ ፊቴ ይነደኛል። ብርድ ልብሱን ታቅፌ ወጣሁ።

ቤቴ ደርሼ ጥለቱን ራሴው ልተርትረውና በትክክለኛው በኩል ልመልሰው ተቀመጥኩ። ዓይኔ ከእንባው ጋር ጭራሽ ጨልሟል። የገዛ ስፌቴ ጠንካራ ነው፣ አልለቅ አለኝ። በመቀሱ ጫፍ ክሩን ልይዝ ስል ቸር አለ፤ ክር ሲቆረጥ እንዲያ አይልም። በጣቴ ዳሰስኩት። ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተቆርጧል። የእናንዬ እናት ነጠላ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ እኔን ነው።

ሐሙስ መጣ፣ አልሄድኩም። "አሞኛል" ብዬ ላክሁ። በተከታዩም አልሄድኩም። ብርድ ልብሱን ከነቁርጡ ጥለት በሣጥን ቆልፌበት በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እዚያ ቤት ተመልሼ መግባት ቀረ አልኩ፤ ሰዎቼን ሁሉ ያጣሁ መሰለኝ። በመጨረሻ እናንዬ ራሷ መጣች። የሆነውን ከሰብለ ሰምታለች፤ ብርድ ልብሱን ይስጡኝና እኛ እናስተካክለዋለን አለችኝ፣ እንደ ወትሮው በለሆሳስ፣ እንደ ወትሮው እንዳትጎዳኝ እየተጠነቀቀች።

ሣጥኑን ከፍቼ ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

ዘርግታ መዳሰስ ጀመረች። ከዚያ ጣቷ ቁርጡ ላይ ደረሰ መሰለኝ፣ ትንፋሿ ተቆረጠ። "የእማዬን?" አለች። "የእማዬን ነጠላ?" እንደዚያች እንደ አማኑኤሏ ልጅ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ጮኸችብኝ። "ለምን አይነግሩኝም? ዓይኔ ደከመ ማለት ምን ያሳፍራል? ለምን አይነግሩኝም!" እየጮኸች እንኳ "እርስዎ" ነው የምትለኝ፤ በእርስዎ መጮህ የሚችልበት የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው።

"አንቺስ?" አልኳት። "አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? እያየሽ፣ እየተረተርሽ፣ ደግመሽ እየሰፋሽ! 'ቲቸር፣ እዚህ ጋ ስተዋል' ብትዪኝ ይሄ መቀስ እዚህ ይደርስ ነበር?"

ደነገጠች። "አውቀዋል እንዴ?" አለች።

"ጣቴ መች ታወረ!"

እሷም አፍራለች፣ እኔም አፍሬአለሁ፤ ተያይዘን ስንተፋፈር ነው ለካ ያን ነጠላ የቆረጥነው። "ቅር እንዳይልዎት ብለን ነው" አለች በመጨረሻ። "ማን ደፍሮ ለእርስዎ 'ተርትሪው' ይላል?" በዚህ በሁለታችንም ሳቅ ሾለከ፤ እንባዋን ግን እስክትጨርስ አለቀሰች፣ እኔም አይዞሽ የማለት አፍ አልነበረኝም። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት እኮ እርስዎን ነው" አለችኝና በማግስቱ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የዓይን ሞራ ነው ተባለ፤ ለቀዶ ጥገናው ወረፋ ያዝኩ።

በሐሙሱ ቁርጡን ማህበሩ ሁሉ እያየው ጠገንነው። ከዚያው ነጠላ ከተረፈው ጨርቅ ላይ ክር እየመዘዙ፣ እኔም በጧፍ እያሸሁ፣ ቁርጡን ዳርና ዳር እያያያዙ መልሰው ሸመኑት፤ ጥለቱንም በግርጌው በኩል ዘመዘምነው። ጠባሳው ይታያል አሉኝ፤ ይታይ አለች እናንዬ። የእኔን ስፌት ቀና አድርገው ያሳዩኝ ነበር፣ ሲጠም "ጠሟል" ይሉኝ ነበር። በየጊዜው ደንገጥ እላለሁ። ለምጄዋለሁ ብል እዋሻለሁ።

የልጁ ክርስትና ደረሰ። ሰብለ "ቲቸር ካልመጡ ልጄን አላስነሣም" ብላ ላከችብኝ። እየፈራሁ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሞልቷል፤ ቄሱ አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ያን ዕለት የነበሩትን ሴቶችም በድምፃቸው ለየኋቸው። ብርድ ልብሱን ለእትዬ አንጓች በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ ግን አልዘረጉትም።

"ጥለቱ ዛሬስ ወዴት ነው?" አሉኝ።

እናንዬ አጠገቤ ናት፤ ልትመልስልኝ ስትንጠራራ ተሰማኝና ክንዷን ያዝኳት።

"እኔ አላይም፣ እትዬ አንጓች" አልኩ። "ያን ዕለትም አላየሁም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ጥለቱ ወዴት እንደሆነ እናንዬ ትንገርዎ።"

የሰው ሁሉ ዓይን ፊቴ ላይ እንዳረፈ ሳላይ አውቄዋለሁ። እትዬ አንጓች ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"እና ያን ዕለት ይህን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሉኝ። "ያንን ሁሉ ሌሊት ልጁን እያቀፍኩ ሳለቅስ ከማድር? ታወረች ብዬ የምስቅብሽ መስሎሽ ነው?"

"አዎ" አልኳቸው። "መስሎኝ ነው።"

እውነትም ሳቁብኝ። "ሞኝ!" አሉ፣ እየሳቁ አፍንጫቸውን ሳብ ሳብ ያደርጋሉ። ሰብለም ሳቀች፣ ቄሱ እንኳ ሳቁ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ፤ እሳቸው ያለቀሱበትን ሌሊት የሚያህል ነገር በሳቅ አያልፍልኝም። ከዚያ ብርድ ልብሱን መልሰው ሰጡኝና ክንዴን ይዘው ወደ አልጋው መሩኝ። "በይ አንቺው አልብሺው" አሉኝ።

ልጁን በእጄ ፈልጌ እናቱ ክንድ ላይ አገኘሁት። ብርድ ልብሱን ዘረጋሁ።

"እናንዬ" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጥለቱ በየት በኩል ነው?"

"በራስጌ ይዘውታል፣ ቲቸር" አለችኝ።

አዞርኩና አለበስኩት።